ማሽኑ ቀድሞ ያወቀው

የላቦራቶሪ ባለሙያዋን ባልደረቦቿ «ጥድፊያ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት፣ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ በአንድ ቀን የሚለይ ማሽን ይገዛልን ብላ ሁለት ዓመት ሙሉ አለቃዋን መቆሚያ መቀመጫ ስላሳጣችው ነው። ማሽኑ ተገዛ። አለቃዋ ግን ዛሬም የሚያምነው ባክቴሪያው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አድጎ በዓይኑ ሲያየው ብቻ ነው። ያ ደግሞ አምስት ቀን ይፈጃል።

ሰኞ ዕለት ከሆስፒታል፣ ተቅማጥ የያዛቸው የሁለት ሕመምተኞች ሰገራና ከወጥ ቤቱ የተወሰደ የእንቁላል ሰላጣ መጣላት። ናሙናዎቹን ባክቴሪያው በሚራባበት ፈሳሽ ውስጥ አሳደረቻቸውና ማክሰኞ ጠዋት ማሽኑ ውስጥ ከተተቻቸው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስቱም ሳልሞኔላ እንዳለባቸው ታወቀ።

ወረቀቱን ይዛ አለቃዋ ቢሮ ገባች።

«ወጥ ቤቱ ዛሬውኑ መዘጋት አለበት።»

«ባለፈው ዓመት ማሽንሽን አምነን ወተት ቤት በከንቱ አዘግተን ምን እንደተባልን ረሳሽው? ሳህኑ ይናገር። ቅዳሜ እንጽፋለን።»

«እስከዚያ ሕመምተኞቹ እየበሉ ነው እኮ።»

«እስከዚያ ከዚህ ክፍል አንድ ቃል ቢወጣ፣ ጋዋንሽን አስረክበሽ ትሄጃለሽ።»

በዚያው ሆስፒታል፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት አክስቷ ዳሌዋ ተሰብሮ ተኝታለች። ጥድፊያ በምሳ ሰዓት እየሮጠች ሄደች።

«እትዬ፣ የዚህን ቤት ምግብ እንዳትቀምሺ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ አመጣልሻለሁ።»

«ምነው?»

«ጨው ይበዛበታል። ለግፊትሽ አይሆንም።»

አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ የተኛችውን ከሲታ ሴትዮ በአንገቷ ሰላም ብላ ወጣች። ለእሷ ምንም አላለቻትም። ቅዳሜ ሩቅ አይደለም፣ አለች ለራሷ።

ረቡዕም ሐሙስም ምግብ አመላለሰች። ሐሙስ ሦስት አዳዲስ የሰገራ ናሙናዎች መጡ፤ ዓርብ ማሽኑ ሦስቱም ላይ ያንኑ ደገመ። ቅዳሜ ሳህኖቹ ተናገሩ፤ ወጥ ቤቱ ተዘጋ። አለቃዋ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

«ማሽንሽ አላሳፈረሽም።»

ሆስፒታል ስትደርስ የአክስቷ ጎረቤት አልጋ ባዶውን ነበር። አክስቷ ዓይኗ አብጧል።

«ሌሊት አረፈች። በሽታው ደሟ ውስጥ ገብቶ ነው አሉ። ምስኪን፣ ትንሽ ምግብ ሲገኝ እንዴት ደስ ይላት ነበር። የሆስፒታሉን ምግብ የእኔንም ድርሻ ስሰጣት፣ አንቺን ነበር የምትመርቀው።»

ጥድፊያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አክስቷ ፊቷን አየቻትና፣

«ጨው ነው ያልሽኝ» አለች።

«እትዬ...»

«ታውቂ ነበር?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ። ብናገር ከሥራ ያባርሩኝ ነበር።»

አክስቷ እጇን አንሶላው ሥር ደበቀች።

«በእኔ እጅ አጎረስሻት» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ሂጂልኝ።»

እሑድ ይዛ የመጣችውን ምግብ ነርሷ ከበር መለሰችባት። ረቡዕ አክስቷ ከሆስፒታል ስትወጣ ሌላ ዘመድ ቤት ገባች፤ የማን እንደሆነ ለጥድፊያ የነገራት የለም።

ሐሙስ፣ ከእንግዲህ ወጥ ቤቶች ሳህኑ ሳይጠበቅ በማሽኑ ውጤት እንዲዘጉ የሚያዝ ደብዳቤ ላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ባልደረቦቿ አጨበጨቡላት። እሷም አመሰገነችና ጓንቷን አጥልቃ የዕለቱን ናሙናዎች መክፈት ጀመረች።