በትምባሆ የተጠየቀ ጥያቄ

ቨርና ሜራስቲን ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «ባለጌ ድርጅቶችን ጨዋ አደርጋለሁ» ትል ነበር። ቀልድ ብቻ አይደለም፤ እንጀራዋ ይኸው ነው። ማዕድን ቆፋሪውም እንጨት ቆራጩም የካናዳ ነባር ሕዝብ ወደሆኑት ወደ ክሪዎች መንደሮች ከመምጣቱ በፊት ሳስካቱን ከተማ ያለው ቢሮዋ ገብቶ ይማራል። ትልቅ ሰው ቤት ኮፍያ ይወልቃል፣ ዝምታ በወሬ አይሞላም፣ ምክር የፈለገ አስቀድሞ ትምባሆ ይሰጣል። ትምባሆውን የተቀበለ ሽማግሌ ደግሞ ጠያቂውን ባዶ እጁን አይሰድም። የሚያውቀውን እውነት ይናገራል፣ የተናገረውንም አያጥፍም።

ከተማሪዎቿ ሁሉ እንደ ኮሊን የሚወደድ አልነበረም። የመዳብ ኩባንያ ወኪል ነው። ሌሎቹ ጠረጴዛ ሥር ስልካቸውን ሲነካኩ እሱ ይጠይቃል፣ ይደግማል፣ ሰላምታውን በክሪ ቋንቋ ይለማመዳል። ቨርና እንደ ታናሽ ወንድሟ ቆጠረችውና ዝይ ሐይቅ ወደሚባለው መንደር ወስዳ ከሽማግሌዎቹ አንዷ የሆነችው አክስቷ ፊሎሜን ቤት አስገባችው። ፊሎሜን ልትፈትነው የቢቨር፣ የዚያን የወንዝ አውሬ፣ ጅራት አቀረበችለት። ስቡን ላጥ አድርጎ በላና «ይጨመርልኝ» አለ።

«ኧረ ይሄን ከየት አገኘሽው?» አለች አክስቷ እየሳቀች።

«አክስቴ፣ እንዳትመኚው። ሚስት አለው።»

«ሚስቱ ትያዘው! እኔ የቸገረኝ እንጨት የሚፈልጥልኝ ነው።»

ኮሊን ወጥቶ ፈለጠላት።

ኩባንያው የሚፈልገው ከሐይቁ ማዶ ወዳለው መዳብ የሚያደርስ የመኪና መንገድ ነበር። መንደሩ በአንድ ቃል፣ ሁላችንም ተቀምጠን ሳንመክር መንገድ የሚባል ነገር የለም ብሏል። ከሁሉም የጠነከረችው ፊሎሜን ነበረች፤ ወጥመድ የምትዘረጋውም ወላጆቿ የተቀበሩትም በሐይቁ ዳርቻ ነው። ቨርና በኩባንያው ተቀጥራ የገባችው ስብሰባው በወጉ እንዲካሄድ ነው። «ስሟቸው ብቻ። እኔ እያለሁ የሚያታልላችሁ የለም» ብላ ለመንደሩ ሰው በራሷ ስም ዋስ ሆነች። ምነው ምላሷን በቆረጠው!

በስብሰባው ቀን የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ኮሊን ተነሥቶ በክሪ ሰላምታ ሲሰጥ ሰው በሳቅ አጨበጨበለት። ቨርናም ኮራች።

«ከሁሉ በፊት እማማ ፊሎሜንን አመሰግናለሁ» አለ ኮሊን። «ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄጄ፣ ትምባሆ ሰጥቼ፣ መንገዱ በየት በኩል ቢያልፍ ጉዳቱ እንደሚቀንስ ጠየቅኋቸው። በሰሜኑ ዳርቻ ነው አሉኝ። በምክራቸው መሠረት አስተካክለነዋል።»

ግድግዳው ላይ ካርታ በራ። በሰሜኑ ዳርቻ ቀይ መስመር ተሰምሯል፤ ከሥሩ «በፊሎሜን ሜራስቲ መሪነት» ይላል።

ቨርና ስለዚህ ጉብኝት ሰምታ አታውቅም።

የመንደሩ አለቃ ሌቪ ዞር ብሎ «እማማ፣ እውነት ነው?» አለ።

ፊሎሜን ቀስ ብላ ተነሣች። «እውነት ነው። ይሠራ አላልኩም። የቱ ይሻላል አለኝ፤ ትምባሆው እጄ ላይ ነበር፤ መለስኩለት።»

«ታዲያ አሁን ትቼዋለሁ ይበሉዋ!» ብሎ ጮኸ አንዱ ከኋላ።

«በትምባሆ የሰጠሁትን ቃል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ ስብሰባው ስብሰባ መሆኑ ቀረ። ግማሹ፣ ሽማግሌያችን መንገድ ሰጥታ እኛ ምን እንላለን አለ፤ ግማሹ ፊሎሜንን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

ቨርና ኮሊንን ክንዱን ይዛ ኮሪደር አወጣችው። «ለምን ደበቅከኝ?»

«ምን ደበቅኩ? ምክር ጠየቅሁ።»

«ምክር? ይሠራ ወይስ አይሠራ ሳትላት፣ በየት ይሠራ አልካት! እንዲህ ያለውን ሰይጣንም አያስበው።»

«አንቺ ነሽ እኮ ያልሽኝ። እሺ ወይም እምቢ አታስብሏቸው፣ ምክር ጠይቋቸው፣ ባዶ እጃችሁን አይሰዷችሁም ብለሻል።» ድምፁ ውስጥ ፌዝ አልነበረም። ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ነበር የሚያያት። «እስቲ ንገሪኝ፣ የቱን ሥርዓት አጓደልኩ?»

ፈለገች። አንድም አጣች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል የሰማ ሁሉ ፈረሱን ማን እንደቀለበው አይጠይቅም። ይሄን ፈረስ ሣር እየቆረጠች የቀለበችው እሷ ነች። ንዴቱ ከእሱ አልፎ በራሷ ላይ ዞረ፤ አልቅሳ እንኳ ልትገላገለው አልቻለችም።

የኩባንያውን መታወቂያ ከአንገቷ በጥሳ ጣለችና ወደ ወጥ ቤቱ ሄደች። ከስብሰባ በኋላ ከአክስቷ ልጆች ጋር የአጋዘን ሾርባ እየቀዳች ማደል ልማዷ ነው። ጭልፋውን ስታነሣ ፊሎሜን መጣችና ከእጇ ወሰደችው።

«እንግዳ አያስተናግድም» አለቻት። «ነይ ተቀመጪ።»

«አክስቴ፣ አላወቅሁም እኮ! በእናቴ አጥንት፣ እሱ ቤትሽ ሊመጣ እንደሆነ አላወቅሁም!»

«አላወቅሽም፣ ገብቶኛል።»

ክንዷን በእርጋታ ይዛ ወደ ኩባንያው ሰዎች ጠረጴዛ ወሰደቻትና ከኮሊን አጠገብ አስቀመጠቻት። ሾርባውን ለሩቅ እንግዳ ብቻ በሚወጣው ሸክላ ሳህን ቀድታ፣ ከሁሉ አስቀድማ፣ በሁለት እጇ አቀረበችላት። ቨርና እዚህ መንደር መጥታ ከአክስቷ ቤት ውጭ አድራ አታውቅም፤ ሻንጣዋ አሁንም እዚያ አልጋው ላይ ነው።

«ብዪ» አለች ፊሎሜን፣ የኩባንያ ሰዎችን በምታናግርበት በእንግሊዝኛ። «ከተማ ሩቅ ነው፤ ሳይመሽብሽ ትነሺ። ሻንጣሽን ልጆቹ ያመጡልሻል።»