የግንብ ድንጋይ

የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ግዛቸው ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ «ነፍስ ይማር» ሲል በዛወርቅ መጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ቦንጋ ላይ ዝናብ ሲወርድ ለቀስተኛው ሁሉ ጭቃ እየጎተተ ነው የገባው፤ የዚህ ሰው ጫማ ግን ያብረቀርቃል። ባጃጁን ድንኳኑ ደጃፍ ድረስ አስነድቶ ነዋ!

«ይቀመጡ፤ ንፍሮ ይቅመሱ» አለችው፣ ለወጉ ያህል።

የእድሩ አግዳሚ ስላልበቃ ግማሹ ሰው ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠው። ግዛቸውም አጠገቧ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ድንጋዩ የማን እንደሆነ የማያውቅ ይመስል!

ድንጋዩ የባሏ የደጉ ነው። ከቤታቸው ጀርባ ያለው ዳገት በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ማድቤቱ ሲጠጋ፣ ደጉ አምና ደጋፊ ግንብ ልሥራ ብሎ አስጭኖ ያመጣው ነው። ሌላው ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ይገነባ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ግን ያለ ሕግ አይሆንለትም፤ ችካል ተክሎ ገመዱን ወጠረና ፈቃድ ሊጠይቅ ግዛቸው ቢሮ ሄደ።

«ቅጹ ላይ ያለው ‹ቤት› ወይም ‹አጥር› ነው» አለው ግዛቸው። «አጥር ይበሉና ይፈርሙ፣ ጋሼ።»

«አጥር የሚከለክለው ሰው ነው፤ እኔ የምከለክለው አፈር ነው። አጥር ካልኩ የአጥር መሠረት ትፈቅዱልኛላችሁ። አንድ ክንድ መሠረት ያንን ዳገት ይይዛል?»

«እንግዲያው ኬዙ ፕሮሰስ ላይ ይቆያል።»

ዓመት ቆየ። ደጉ ሲመላለስ ሲመላለስ በዛወርቅን ራሷን አሰለቻት። «ምናለበት አጥር ብትል? ግትር!» አለችው አንድ ቀን። ያ ቃል ዛሬ ይቆጠቁጣታል። ከትናንት በስቲያ ማለዳ ደጉ ከማድቤቱ ጀርባ የተደፈነ ቦይ ሊከፍት ወጣ፤ ዳገቱም ወረደበት።

«እትዬ፣ ጊዜው አይደለም፤ ግን ነገ ከዞን አጣሪዎች ይመጣሉ» አለ ግዛቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከኮቱ ውስጥ ወረቀት እያወጣ። «የጋሽ ደጉ ፈቃድ አምና ሚያዝያ ወጥቶ ነበር። ሳይወስዱት ቀሩ እንጂ። ደርሶናል ብለው እዚች ጋ ይፈርሙልኝ። ኋላ ይዞታዎ ላይም ጥያቄ እንዳይነሳ።»

በዛወርቅ ወረቀቱን ተቀበለች። «የግንባታው ዓይነት፦ አጥር» ይላል። ማኅተሙ ገና አልደረቀም፤ ሐምራዊ ቀለሙ አውራ ጣቷ ላይ ቀረ። ከፈረመች ደጉ ፈቃድ ወጥቶለት እያለ በስንፍናው የሞተ ሰው ሊባል ነው። ካልፈረመች ቤቷን ሊነኩባት ነው። ኤዲያ! ሰው ሠልስቱ ሳይወጣለት ስሙን ሊቀብሩት መጡ!

«ተነሣ» አለችው። ዓመት ሙሉ አንቱ ያለችውን ሰው ዛሬ አንተ አለችው።

«እ?»

«ወረቀትህን ያዝና ተነሣ። የተቀመጥክበት የግንብ ድንጋይ ነው፤ የአጥር አይደለም! ለአጣሪዎቹም ማኅተሙ ዛሬ እንደተመታ እኔው እነግራቸዋለሁ። ቤቱን ከፈለጋችሁ ውሰዱት፤ ባሌን ግን አትዋሹበትም!»

ግዛቸው ወረቀቱን እየጠቀለለ በለቀስተኛው መሀል ሹልክ ብሎ ወጣ። በዛወርቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ድንጋዩን አቀፈችው።

«ኧረ በዛዬ፣ ሐዘንተኛ ሸክም አያነሳም!» ብላ ጎረቤቷ ኸይሪያ ተነሣች።

አልሰማቻትም። እየተንገዳገደች ወደ ማድቤቱ ጀርባ ዞረች። አንደኛውን ችካል ናዳው ውጦታል፤ ሌላው እንደቆመ ነው፤ ደጉ የወጠረው ገመድም ከእሱ ተነሥቶ አፈሩ ውስጥ ይገባል። ድንጋዩን ችካሉ ሥር አስቀመጠችው። ጠርዙ ከገመዱ ትንሽ ወጣ ብሏል። ደጉ ጠማማ ነገር አይወድም ነበርና ተንበርክካ በሁለት እጇ ገፋ አደረገችው።