በአምስት ተከላካይ

ሾፌሩ ያን ማክሰኞ ጠዋት ወደ ኩላሊት እጥበቱ ክፍል የገባው ቆርጦ ነው። ዛሬ ይታጠባል፣ ሐሙስ ግን አይመጣም። በቃ! ካቆመ ሁለት ሳምንት እንደማይቆይ ሐኪሙ እቅጩን ነግሮታል። ይንገረው! ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው የመጨረሻ ፌርማታ ምን እንደሆነ አስረጂ አይፈልግም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ክንድን ለማሽን ሰጥቶ መጋደም አንገሽግሾታል። ለልጁ እንኳ አልነገራትም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እስከዛሬ ያመላለሰው መድኃኒትም ምክርም አይደለም። ንዴት ነው። ያናደደችው ደግሞ አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ የምትታጠበው ልብስ ሰፊ ናት። ከስምንት ወር በፊት፣ ገና በሁለተኛው ሳምንቱ፣ «ሲስተር፣ እኔ ከእንግዲህ አልመጣም» ሲል ሰማችው። አንገቱ ላይ የጠመጠመውን የቡድኑን አረንጓዴ ሻርፕ አየት አደረገችና፣ «አይፈረድብዎትም ጋሼ፣ የዚህን ቡድን ደጋፊ መሆን ራሱ ኑሮ ያስጠላል» አለችው። ወይ ድፍረት! ደሙ ፈላ። መልሱን ሳይጨርስ ሰዓቱ አለቀ፤ እሱን ለመጨረስ ሲል በቀጣዩ ቀጠሮ መጣ። ሴትዮዋ ለካ የለየላት ቢጫ ኖራለች፣ የአረንጓዴዎቹ ባላንጣ!

ከዚያ ወዲህ ክርክራቸው መች አባራ። የሱ አሰልጣኝ ፈሪ፣ የሷ አሰልጣኝ ጉረኛ፤ አረንጓዴዎቹ ኳስ ይዘው ያንቀላፋሉ፣ ቢጫዎቹ በረጅሙ እየለጉ ይሮጣሉ። ስትወጣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ጣል ታደርጋለች፣ እሱ ሁለት ቀን ሲብሰለሰል ይከርምና መልሱን ይዞ ከች ይላል።

ዛሬ ግን ያም የለም። ሁለቱ ቡድኖች ትናንት ሊያደርጉት የነበረው ጨዋታ ሜዳው ውኃ አቁሮ ሳይጀመር ቀርቷል። ታዲያ ምን ሊያወሩ ነው?

ሲስተሯ መርፌውን ሰክታ ሄደች፣ ማሽኑ መዞር ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እህሳ ጋሼ፣ ያ ፈሪ አሰልጣኛችሁ ትናንትም አምስት ተከላካይ ደረደረ አይደል? አጥቂውን ደግሞ በስልሳኛው ደቂቃ አስወጣው! ሰው በገዛ ሜዳው እንዲህ ይንቀጠቀጣል?»

ሾፌሩ ቀና አለ። የምን አምስት ተከላካይ? የምን ስልሳኛ ደቂቃ? ኳስ መች ተነካና! «አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ?» ሊላት ሲዞር፣ ነፃ እጇን ዘርግታ ብርድ ልብሷን ሳበች። መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል፦ «5 ተከላካይ። አጥቂ በ60። ፈሪ።»

ሲስተሯ ግፊቱን ልትለካ ጎንበስ ስትል በሹክሹክታ ጠየቃት።

«እኔ የምልሽ፣ ይቺ ሴትዮ ኳስ ታያለች?»

«እሷ?» ሲስተሯ ሳቋ አመለጣት። «አደራ፣ እኔ አልነገርኩዎትም። ያኔ አልመጣም ያሉ ዕለት፣ ስትወጣ ‹የአረንጓዴዎቹ ባላንጣ ማነው?› ብላ የጠየቀችው እኔን ነው። ከዚያ ወዲህ የወንድሟ ልጅ ያስጠናታል። ትናንት ሥራ ስለነበረበት፣ ይሆናል ብሎ የገመተውን ከጨዋታው በፊት ነው የነገራት፤ ጨዋታው መቅረቱን አልሰማችም።»

ሾፌሩ ጣራ ጣራውን አየ። ስምንት ወር ሙሉ! እሷም እንደሱ ታምማ፣ እሷም እንደሱ ክንዷ አብጦ፣ ከዚህ ወጥታ ስፌቷ ላይ ስታቀረቅር ለምትውለው ሴት ኳስ ምኗ ነው? ለማታውቀው ሽማግሌ ብላ! እንባው ግጥም አለ። እግሯ ላይ ቢወድቅ ደስ ባለው። ግን ይህን ማወቁን ካወቀች ታፍራለች፣ ካፈረች ደግሞ ክርክሩ ያበቃል።

«አምስት ቢደረድርስ?» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ምን አገባሽ! የእናንተ ተከላካይ በቀይ ሲወጣ አላየሽም?»

«ቀዩማ ሲያንሰው ነው!» አለች ፈጠን ብላ፣ ከዚያ የገዛ ቡድኗን መውቀሷ አስደንግጧት፣ «ማለቴ… ዳኛው ራሱ የእናንተ ነው!»

እንዲህ እያሉ ያልተደረገውን ጨዋታ ዘጠናውንም ደቂቃ ተጫወቱት። እሱ ማዕዘን ምት ሲፈጥር እሷ ትከላከላለች፣ እሱ ግብ ሲያገባ እሷ ከጨዋታ ውጪ ነው ትላለች። ሾፌሩ ሆዱን እስኪያመው ሳቀ።

መጨረሻ ላይ ልብስ ሰፊዋ ፈራ ተባ አለች። «እስቲ ውጤቱን ከአፍዎ ልስማው ጋሼ።»

በሕይወቱ ለቢጫ አንዲት ነጥብ ለቆ የማያውቀው ሰው፣ «ሁለት ለአንድ» አለ። «አሸነፋችሁን። ይገባችኋል።»

ፊቷ በደስታ በራ። መርፌዋ ተነቅሎላት ቦርሳዋን አንስታ እንደልማዷ በሩ ላይ ዞር አለች።

«ሐሙስ መልስ ካለዎት ይምጡ!»

በስምንት ወር ውስጥ አንድም ቀን እሺ ብሏት አያውቅም፤ ዝም ብሎ ተናዶ ነበር የሚመጣው።

«እመጣለሁ» አላት። «እግዜር ይስጥሽ እህቴ። እመጣለሁ።»