የዝሆኖቹ ጭንቅላት

ሰኞ ጠዋት ስድስተኛውን ዝሆን ልገጣጥም ስቀመጥ ጭንቅላቱ ከገላው በለጠ። ትንሽ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ ዝሆን ነው፣ ጭንቅላቱ ቢተልቅ ማንም አይታዘበውም። ይኼኛው ግን አንገቱ ላይ ሳስቀምጠው ገላውን ጭራሽ ዋጠው፤ የአባቱን ኮፍያ የደፋ ሕፃን መሰለ። አምስተኛውን አነሣሁ። እሱም እንደዚያው ነው። የፊተኞቹ አራቱ ግን ልክክ ብለው ገብተው ነበር። ግራ ገባኝ።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ገላውንና እግሮቹን በኪሮሽ እኔ እሠራለሁ፤ ጭንቅላቱን፣ ጆሮውንና ኩንቢውን እማማ ይሠራሉ። ጥጥ ሞልቼ የምሰፋው እኔ ነኝ። እማማ አማቴ ናቸው፣ የባሌ እናት። ባሌ ካልኩ ደግሞ መናገሬ አይቀርም፤ ከስምንት ወር በፊት ልብሱን በሁለት ሻንጣ ሸክፎ ሌላ ሴት ጋ ገብቷል። እናቱ አብረውት አልሄዱም። "እኔ ሥራ ይዣለሁ" ብለው መስኮቱ ሥር ያለው ወንበራቸው ላይ ቀሩ። ለምን እንደቀሩ ጠይቄያቸው አላውቅም። ብጠይቃቸው ሐሳባቸውን የሚቀይሩ ይመስለኝ ነበር።

ያሁኑ ትእዛዝ የመጣው ከአንድ መዋዕለ ሕፃናት ነው። አስተማሪዋ ሃያ ግራጫ ዝሆን አዘዘች። ባለፈው ዓመት የሠራንላትን አንድ ዝሆን ለናሙና ይዛ መጥታ፣ "ልክ ይኼን የሚያህል ይሁን፤ አንዱ ካንዱ ቅንጣት እንዳይለይ። ከተለየ ይቧጨራሉ" አለችን። ልጆቹን ማለቷ ነው። እኔም ናሙናውን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀምጬ ረሳሁት። ስንት ዘመን የሠራሁትን ነገር ምን ብዬ እለካዋለሁ? ገላው ሰፊው ቦታ ላይ ዙሪያውን አርባ ሁለት ቋጠሮ፣ ጭንቅላቱም አርባ ሁለት። ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝም አልስትም።

"እማማ፣ ጭንቅላቱ ተለቀብዎት እኮ" አልኳቸው።

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ገላውን አዩ። ቀጥለው እኔን አዩኝ። የሆነ ነገር እንድናገር የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር፤ እኔ ግን የምናገረውን ተናግሬ ጨርሻለሁ።

"ዓይኔ ነው መሰለኝ" አሉ በመጨረሻ። "ተይው፣ አስተካክለዋለሁ።"

ማክሰኞ ሁለት አዲስ ጭንቅላት ሰጡኝ። ሁለቱም ልክክ ብለው ገቡ። ደስ ብሎኝ ሰፋኋቸው።

ረቡዕ ዓይን የሚሆኑትን ጥቁር ቁልፎች ልተክል ስል ቦታቸውን ለማየት ናሙናውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩት። ከስድስቱ መሀል ሳቆመው ክው አልኩ። የእኛዎቹ ትከሻው ላይ እንኳ አልደረሱም። ስድስት ጫጩት ያስከተለች ዶሮ መሰለ። ክሩ ያው ነው፣ ኪሮሹም ያው ነው፣ የሠራነውም ያው ሁለታችን ነን። ቁልፉን ጥዬ መቁጠር ያዝኩ። የአንደኛው ጭንቅላት ሠላሳ ስድስት ነው። የሁለተኛውን ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ስድስት። የስድስቱም ሠላሳ ስድስት ነው። እማማ ከእያንዳንዱ ላይ ስድስት ቋጠሮ ጥለዋል።

ደሜ ፈላ። ዓይኑ የደከመ ሰው አንዴ አምስት፣ አንዴ ሰባት ይስታል እንጂ ስድስት ጊዜ ሙሉ ስድስት አይስትም። አውቀው ነው። ለምን ብዬ ሳስብ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሄድ ፈልገዋል። አፍ አውጥተው እሄዳለሁ ማለት ከብዷቸው፣ ሥራውን አበላሽተው እኔው በቃዎት እንድላቸው እየጠበቁ ነው። የባሌ እህት በየእሑዱ እየደወለች "ክፍሉን ቀለም አስቀብቼልሻለሁ" ትላቸዋለች። ደግሞስ እኔ ምናቸው ነኝ? ልጃቸው የተወኝ ሴት።

ስልኬን ይዤ ወደ መተላለፊያው ወጣሁና ለባሌ እህት ደወልኩ። "ቅዳሜ መጥተሽ እናትሽን ውሰጂያቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ሥራው አልሆነላቸውም" አልኳት። እሷም ደስ አላት። ስመለስ እማማ ኪሮሹን ጭናቸው ላይ አስተኝተው መስኮቱን ያያሉ። የቤታችን ግድግዳ ሳስቶ የጎረቤት ሳል ያሳልፋል።

ሐሙስና ዓርብ ከደኅና አደርሽና ከደኅና አደሩ በቀር አልተነጋገርንም። እኔ ሦስት ገላ ጨረስኩ፤ እሳቸውም ሦስት ጭንቅላት ሰጡኝ። ሲገጠሙ ልክ ነበሩ፤ ከናሙናው ጋር ግን አሁንም አይገናኙም። ቅዳሜ ጠዋት ትልቁን ዘንቢላቸውን በር ሥር አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን ለብሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እንዲያም ሆኖ እጃቸው አላረፈም፤ የጆሮ ጫፍ ይጨርሳሉ። የሚሄድ ሰው ጆሮ ምን ያደርግለታል? ያኔ አላስችል አለኝ።

"እማማ፣ ለምን ቀነሱብኝ?"

"ገላውን ቆጠርሽው?" አሉኝ።

"የእኔን ገላ? አርባ ሁለት ነዋ።"

"ቁጠሪው እስቲ።"

ቆጠርኩት። አርባ ሁለት። አሸነፍኩ ብዬ ቀና ስል ናሙናውን ጭኔ ላይ ጣል አደረጉልኝ። የእሱንም ገላ ቆጠርኩ። አርባ ሁለት። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዝኳቸው። ቁጥሩ አንድ፣ ክሩ አንድ፣ ያሁኑ ግን በሁለት ጣት ያንሳል። ደግሜ ቆጠርኩ። ዞረብኝ።

እማማ ቀኝ እጄን ሳብ አድርገው ክር የሚያልፍበትን ጣቴን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። መስመር ገብቶበታል፤ ቢላዋ የቆረጠው ይመስላል። መቼ እንደወጣብኝ አላውቅም። ናሙናውን ጨመቅ አደረግሁት፣ እንደ ዳቦ ለሰስ አለ። የእኔን ጨመቅሁት፣ ደረቀብኝ። በቋጠሮዎቹ መሀል መርፌ አያስገባም።

"ክሩን አንቀሽ ይዘሽዋል" አሉ። "ስምንት ወር ሆነሽ። በየወሩ ይብስበታል። የእኔ ጭንቅላት መች ተለቀ? ያንቺ ገላ ነው ያነሰ።"

"ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?"

"ምን ብዬ? ልጄ ሄዶ እጅሽን አጠበቀው ልበልሽ? የወለድኩት እኔ ነኝ።" ጆሮውን አገላበጡት። "አራቱን ባንቺ ልክ አሳነስኩልሽ። አምስተኛውንና ስድስተኛውን በድሮው ልክ ሠራሁ፣ ታየው ይሆናል ብዬ። አንቺ የእኔን ጭንቅላት አየሽ።"

ለስምንት ወር ደኅና ነኝ እያልኩ ነበር። ለአስተማሪዋም፣ ለጎረቤቱም፣ ለራሴም ደኅና ነኝ ስል እጄ ለብቻው ሲናገር ከርሟል። ከሄደ ወዲህ ያላለቀስኩትን እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩት። እማማ አላባበሉኝም፤ ጆሮውን ጨርሰው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

"አይሂዱብኝ" አልኳቸው። "ይቅር ይበሉኝ፣ አይሂዱብኝ።"

መልስ ሳልጠብቅ ዘንቢላቸውን ከበሩ ሥር አነሣሁ። ልብሳቸውን አውጥቼ ወደ ቦታው ልመልስ ነበር ያሰብኩት። ስከፍተው ልብስ የለም። አንድ ነጠላ ጫማ፣ የመነጽር ማስቀመጫ፣ ከሥሩ ደግሞ ጭንቅላት። ግራጫ የዝሆን ጭንቅላት፣ ኩንቢና ጆሮ ያለው። አንዱን አውጥቼ ቆጠርኩ፤ አርባ ሁለት። ከናሙናው ራስ ጋር አስተያየሁት፤ ቅንጣት አይለይም። ዘጠኝ ናቸው፣ ለሠራኋቸው ዘጠኝ ገላዎች።

"ይኼ ምንድን ነው እማማ?"

"አንቺ ገበያ ስትወጪ የሠራኋቸው ናቸው" አሉ። "እጅሽ የተመለሰ ቀን ጭንቅላት እንዳይጎድልሽ ብዬ። ሄጄም ቢሆን እልክልሻለሁ ብዬ ነው የያዝኳቸው።"

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ የባሌ እህት ናት። ዘጠኙን ጭንቅላት እንደታቀፍኩ ቀረሁ። እማማ ነጠላቸውን አውልቀው፣ አጥፈው በወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖሩት።

"ውጪና ንገሪያት እንጂ" አሉኝ።

"ምን ልበላት?"

"ጭንቅላቱ ደርሷል፣ ገላው ነው የቀረን በያት።"

ወጥቼ እንደተባልኩት ነገርኳት። ጭንቅላቶቹንም አሳየኋት። ምንም አልገባትም። ተመልሼ ገባሁና የመጀመሪያውን ገላ ጫፍ ፈልጌ መተርተር ጀመርኩ፤ ክሩን እማማ በጣቶቻቸው ላላ አድርገው ያዙልኝ።