እህትህ ሰው መታ

ትሕትና ከላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ የብረት ዘንግ ስታነሳ ማንን እንደምትመታ አላየችም። ያየችው ኮምፒዩተሩ ላይ ሽቅብ የዘለለውን መስመር ብቻ ነው። ኤርሳዶ ወለሉን ሲወለውል በትከሻው ጠረጴዛውን ገጭቶ ነበር። ዘንጉ ግንባሩ ላይ አረፈ። ሰውየው የጠረጴዛውን እግር ተደግፎ ተንሸራተተና ቁጭ አለ፤ ደሙ በአፍንጫው ግራና ቀኝ ወረደ።

ስድስት ዓመት አብሯት የሠራ ሰው ነው። ከሁምቦ መጥቶ፣ ሶዶ ቤት ተከራይቶ፣ የላቦራቶሪ ብልቃጥ እያጠበ ልጆቹን ያስተምራል። እሷ ደግሞ ሦስት ሳምንት በቅጡ አልተኛችም። ከፀጉር የቀጠነ የካርቦን ክር በመስታወት ቱቦ አስገብታ በሳህን የምታሳድጋቸው የነርቭ ሴሎች አጠገብ ታስጠጋለች፤ ከዚያ ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል ጠብ ታደርግላቸዋለች። ክሩ ዶፓሚኑን ሲነካ መስመሩ ይወጣል። ሴሎቹ በሽፋናቸው ላይ ባሉት በሮች ወደ ውስጥ ሲስቡት ደግሞ ይወርዳል። ጤነኛ ሴል ለዚህ ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም። ክሩ እየተሰበረባት አንድ ብቻ ቀርቷት ነበር። እሱም ተሰበረ ብላ ነው ሰው የፈነከተችው።

አልተሰበረም። መስመሩ ተመልሶ ወርዶ ሥራውን ቀጥሏል። ይህን ያየችው ተንበርክካ ግንባሩን በፋሻ ስትይዝለት ነው። ይቅር በለኝ ልትለው አስባ አፈረች፤ ፋሻውን ጠበቅ አደረገችለት።

ጥበቃው ጩማ ሁሉንም በመስኮት አይቷል። የታላቅ ወንድሟ የዓምደሚካኤል ጋራዥ ከግቢው ማዶ ስለሆነ ስልኩን አውጥቶ ደወለለት።

"እህትህ ሰው መታ" አለው። "ደም አለ። ቶሎ ና።"

ጩማ ቤቱ የሚያወራው ወላይትኛ ነው፤ በአማርኛ "መታ"ን ከ"መታች" አይለይም። ግቢው ውስጥ ይስቁበታል እንጂ ማንም አይሳሳትበትም። ዓምደሚካኤል ግን ደም ሲባል የቀረውን ራሱ ሞላው፤ ሰው እህቱን የመታ መሰለው። የጎማ መፍቻውን ከእጁ ሳያስቀምጥ ሮጠ።

ሲገባ ያየው የእህቱን ነጭ ጋውን በደም ተለውሶ ነው።

"ይሄ ነው?" አለ።

መልስ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። መፍቻውን ኤርሳዶ ጉንጭ ላይ አሳረፈው፤ ጭንቅላቱ ከጠረጴዛው እግር ጋር ተላተመ። ደገመው። ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ኤርሳዶ ፊቱን ሊከልል እጁን ቢያነሳ እጁን መታው፤ ጣቶቹ ሲሰበሩ ተሰማ።

"እህቴን? እህቴን ነው?"

ትሕትና ማለት የነበረባት ሁለት ቃል ነው፦ እኔ ነኝ። ይህ ወንድሟ አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ እሷን ያስተማረ፣ በስሟ ደረቱን የሚነፋ ሰው ነው። ከእንግዲህ በምን ዓይን ያየኛል አለች በልቧ። ሥራዬስ አለች። ፈራች፤ ሌላ ስም የለውም። አራተኛው ምት ኤርሳዶ ዓይን ላይ አረፈ። አምስተኛውም እዚያው። ኤርሳዶ ደም በሞላው አፉ፣

"እህቴ፣ ንገሪው እንጂ" አላት።

ስድስተኛው ከወረደ በኋላ ነው ኤርሳዶ ላይ የተደፋችው። "እኔ ነኝ የመታሁት" አለች። "እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

የዓምደሚካኤል እጅ አየር ላይ ቀረ። "ጩማ እኮ..." ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

"እህትህ ሰው መታ አልኩህ" አለ ጩማ በሩ ላይ ቆሞ እያለቀሰ። "ነገርኩህ እኮ።"

ኤርሳዶ ነፍሱ ተረፈች፤ ግራ ዓይኑ ጠፋ። ሐኪሙ ዓይኑን ያጠፋው የግንባሩ ምት አይደለም አለ። የሥራ ባልደረቦቿ በዚህ ሊያጽናኗት ሞከሩ፤ ያንቺ ምት አይደለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሏት። ጆሮዋን ብትደፍን በወደደች።

መሣሪያውን ያጠፋው ሰው ስላልነበረ ያን ሁሉ ጊዜ ሲመዘግብ ቆይቷል። ጠረጴዛው በተነቃነቀ ቁጥር መስመሩ ዘሏል። መስመሩን በወረቀት አትማ በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ መርማሪው ፊት ዘረጋችው።

"ይሄ ኤርሳዶ ጠረጴዛውን ሲገጭ ነው። ይሄ እኔ ስመታው። እነዚህ ስድስቱ ወንድሜ።"

መርማሪው ስድስቱን በእስክሪብቶ ጫፍ ቆጠራቸው። "ከስድስቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስንት ደቂቃ ነው?"

"ደቂቃ አይሞላም። አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ነው።"

"አንቺስ ያኔ የት ነበርሽ?"

"አጠገባቸው" አለች። "ዝም ብዬ።"