የኳርተርባኩ የክርስትና አባት

ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዴንቨር አጠገብ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ ባለው የከበቡሽ ምግብ ቤት ወንበር አይገኝም። ኡበር ነጂው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ ከሆስፒታል ፈረቃ የወጣው፣ ሁሉም ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ትልቅ ቴሌቪዥን ሥር ተሰብስቦ የኮሌጅ ፉትቦል ያያል። አገር ቤት ሳሉ በእግር የሚመታውን እንጂ በእጅ የሚወረወረውን ኳስ አያውቁትም ነበር። ልጆቻቸው አስተማሯቸው፤ ዛሬ ከልጆቻቸው ብሰዋል።

በዚህ ኅዳር ግን ቴሌቪዥኑን ከልቡ የሚያይ አልነበረም። ወሬው ሁሉ ዮናታን ነበር። ዮናታን የጳውሎስና የፈትለወርቅ ልጅ ነው፤ አውሮራ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። የሚጫወተው ኳርተርባክ ሆኖ ነው፤ ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር በሁለት ሰከንድ የሚወስነው እሱ ነው። ፓይንሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ስኮላርሺፕ ሰጥቶ ሊወስደው ተስማምቷል። ለፊርማው የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።

ልጁን ከሚመዝኑት ሁሉ አለቃው ይመር ነው። ይመር አየር ማረፊያ የሚመላለስ ቫን አለው፤ ተሳፋሪ እስኪመጣለት የደጋፊዎችን ፎረም ሲያነብ ይውላል። የልጁን ቪዲዮ በስልኩ ከፍቶ ደጋግሞ ያጫውተዋል፤ በሬ ሊገዛ ገበያ እንደ ወጣ ሰው ጥርሱን ቢቆጥር ደስ ባለው ነበር።

«ክንዱ ልክ ነው፤ አልዋሽም» አለ። «እግሩ ግን ከባድ ነው። ኳሷን ታቅፎ ይቆያል። ፓይንሪጅ ሄዶ እንዲህ ከተገተረ በቃሬዛ ነው የሚያወጡት።»

«ኧረ አባቱ አጠገብህ ነው!» አለ አንዱ።

«ታዲያ ይስማ! ጳውሎስ፣ ትቀየመኛለህ እንዴ?»

ጳውሎስ ሳቀ። ሰሞኑን እንዲህ መሳቅ ለምዷል፤ የታዋቂ ልጅ አባት ሳቅ ነው። «ውቀሰው፣ ውቀሰው። ለእሱም ይጠቅመዋል» አለ።

«የሚያድነው ዕድሜው ነው» አለ ይመር። «አሥራ ሰባት ዓመት! ገና አጥንቱ አልጠናም። ሁለት ዓመት ስጡት፣ ክብደት ይጨምራል፣ ይፈጥናል። ፎረሙ ላይ ሁሉም የሚለው ይህንን ነው። የሚወስዱት ዛሬ ያለውን አይደለም፤ ገና የሚመጣውን ነው። ይሄ ልጅ ሃያ ዓመቱ ቢሆን ኖሮ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።»

ከጠረጴዛው ዳር መልከጼዴቅ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ይሰማል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሚስትም ልጅም የለውም። ከላስ ቬጋስ ወደዚህ ከመጣ ሰባት ወሩ ነው። ለሥራ ብሎ አልመጣም፤ ዴንቨር መሐል ከተማ የሚሠራበት ዓይነት የመኪና ማቆሚያ ላስ ቬጋስም ሞልቷል። የመጣው ለዮናታን ነው። ልጁን በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። በመጣ ዕለት ዮናታን ሻንጣውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ሦስተኛ ፎቅ አወጣለት፤ ከዚያ «አባባ» ብሎ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ። ያቺን አንዲት ቃል ሰባት ወር ሙሉ እንደ ስንቅ ይዟት ኖረ። ከዚያ ወዲህ ልጁን የሚያየው በይመር ስልክ ላይ ነው። ጳውሎስም መልከጼዴቅን ከሰው ሲያገናኘው «የሰፈሬ ልጅ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

በፊርማው ቀን ቤተሰብ ከልጁ ጎን በተርታ እንደሚቀመጥ፣ ልጁም ማን ማን እንደሆነ በማይክሮፎን እንደሚያስተዋውቅ ሰምቷል። መልከጼዴቅ ከእግዜር የሚለምነው ይህንን ብቻ ነበር። ጠርተውት ከወንበሮቹ በአንዱ እንዲያስቀምጡት፤ ልጁም «የክርስትና አባቴ ነው» እንዲል።

«እርስዎስ፣ ጋሽ መልኬ?» አለ ይመር። ይመር አንቱ የሚለው ሰው ማሳቅ ሲፈልግ ነው። «ሁልጊዜ ዝም ብለው ያፈጣሉ። ኳርተርባኩን ለይተውታል ወይስ ዳኛውን ነው የሚደግፉት?»

ሳቁ።

«ለይቼዋለሁ» አለ መልከጼዴቅ።

«ዮናታንንስ? የሰፈራችሁን ልጅ? ሲያገኝዎት ሰላም ይልዎታል? ወይስ እንደኛው በስልክ ነው?»

ሳቁ ጨመረ። መልከጼዴቅ ወደ ጳውሎስ ዞረ። አንዲት ቃል ይናገርልኛል ብሎ ነበር። ጳውሎስ ግን ከሌሎቹ ጋር እየሳቀ እንጀራውን ጠቀለለ።

«ሰላም ይለኛል ወይ?» አለ መልከጼዴቅ፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «እኔ ነኝ ክርስትና ያነሳሁት! በዚህ ክንዴ! ታክሲ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ፣ ተኩስ እየሰማሁ ታቅፌው በእግሬ የሄድኩ እኔ ነኝ! ቄሱ እንኳ ፈርተው ጸሎቱን ያጣድፉት ነበር። ኃይለ ገብርኤል ብለው ሲሰይሙት የተቀበልኩት እኔ ነኝ!»

«የምን ተኩስ?» አለ ይመር።

«የዘጠና ሰባቱ ነዋ! የምርጫው! ሰኔ ላይ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ሁሉ ዕድሜውን በፎርም ሲሞላ የኖረ ነው፤ ከኢትዮጵያ ዘመን ወደ ፈረንጅ ለመቁጠር ጣት አያስፈልገውም። ዘጠና ሰባት ላይ ስምንት ደመሩ፤ ሁለት ሺህ አምስት። መልከጼዴቅ ከንፈሮቻቸው ሲንቀሳቀሱ አየ። እሱም አብሯቸው ይቆጥር ነበር።

«ሃያ» አለ ይመር ቀስ ብሎ፣ የሚጣፍጥ ነገር እንደ ቀመሰ ሰው።

ጳውሎስ ናይሮቢ ላይ የስደተኛ ፎርም ሲሞላ የልጁን ዕድሜ ሦስት ዓመት ቀንሶ ነበር። ልጁ ቋንቋ ሳያውቅ ከእኩዮቹ ክፍል ገብቶ እንዳይሰንፍ ብሎ ነው። ያኔ ብዙ ሰው ያደርገው ነበር። ዛሬ ግን በዚያች የሐሰት የልደት ቀን ላይ ስኮላርሺፑ ቆሟል፤ የመላው ቤተሰብ ዜግነትም ቆሞባታል። መልከጼዴቅ ይህን ያውቃል። የረሳው ለአንድ አፍታ ነው፤ አንድ አፍታ በቃች።

ጳውሎስ አፉን በናፕኪን ጠረገ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

«እሱ ሌላ ነው» አለ።

«ማን ሌላ?»

«ያኛው የመጀመሪያው ልጃችን ነው። ሁለት ዓመት ሆኖት ሞተብን። ዮናታን ከእሱ በኋላ ነው የመጣው። ስለዚህ ነገር በቤታችን አይወራም፤ ለዚህ ነው ያልሰማችሁት።» ወደ መልከጼዴቅ ዞረ። «አይደለም እንዴ፣ መልኬ?»

መልከጼዴቅ ራሱን ነቀነቀ። «አዎ» አለ። «ነፍሱን ይማረው።»

«ታዲያ ዮናታንን ክርስትና ያነሳው ማነው?» አለ ይመር፣ ዐይኑን ሳይነቅል።

«እኔ አይደለሁም።»

ምግብ ደርድራ የቆመችው ከበቡሽ ትሪውን አስቀምጣ ደረቷን መታች። «ውይ በሞትኩት! ፈትለወርቅ ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ!» ከሰዎቹም አንድ ሁለቱ ከንፈራቸውን መጠጡ። ይመር ግን ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል።

ክፉ ቀን አብሮ ይመጣል። በዚያው ሰዓት በሩ ተከፈተና ፈትለወርቅ ገባች። ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ወጥታ፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ ባሏን ልትወስድ ነበር የመጣችው። ጳውሎስ ሊነሳ ሲል ይመር ቀደመው። ጀርባውን ለጳውሎስ ሰጥቶ፣ ሴትዮዋን ከሰው ከልሎ ቆመና እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«እህቴ ፈትለወርቅ፣ ሳንሰማ ቀርተን ነው፤ ይቅር በይን። እግዜር ያጽናሽ።»

«ምን ሆንኩ?»

«የበኩር ልጅሽን ነዋ። በሁለት ዓመቱ የተለየሽን። ይሄ መልከጼዴቅ ክርስትና ያነሳውን። አሁን ነገሩን። የክርስትና ስሙ ማን ነበር ያለው? ጠፋብኝ።»

ፈትለወርቅ በይመር ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። ባሏ አይታያትም። የታያት ከጠረጴዛው ዳር የተቀመጠው መልከጼዴቅ ነው። እሱም ማድረግ የቻለው ዐይኑን ከዐይኗ አለመንቀል ብቻ ነበር። ሴትየዋ ሞኝ አይደለችም። ምን እንደ ተባለ፣ ለምን እንደ ተባለ፣ ከእሷ አፍ ምን እንደሚጠበቅ አንድ በአንድ ሲገባት ፊቷ ላይ አየው። በሕይወት ያለ ልጇን ሞቷል ብላ እንድታሟርትበት ነው። ልጇ ሲያስነጥሰው እንኳ ሦስት ጊዜ «ይማርህ» የምትል ሴት ናት።

«ኃይለ ገብርኤል» አለች።

ከዚያ ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። ከበቡሽ ደገፈቻት። ለቅሶው የውሸት አልነበረም፤ ይመር እንኳ እጇን ለቀቀ።

ውጭ፣ መኪናው ጋ፣ መልከጼዴቅ እየተከተለ ይቅርታ ይለምን ነበር። ፈትለወርቅ ሳታየው በሩን ከፈተች።

«ልጄን በገዛ አፌ አስቀበርከኝ» አለችው።

ጳውሎስ መኪናውን አስነሳ። መስኮቱን ዝቅ አደረገና፣ «ፊርማው ላይ እንዳትመጣ» አለው። «ከዚያም በኋላ እንዳትመጣ።»

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ደህና ነበር። ነገር ግን ለቅሶ ዘገየ ተብሎ አይቀርም፤ አሥር ዓመት ቢያልፍም የሰማ ሰው ይደርሳል። ከበቡሽ ደግሞ ደግ ሴት ናት። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹን አሰባስባ፣ ወጥና ዳቦ አስይዛ ሎውሪ ሰፈር እነጳውሎስ ቤት ወረደች። ይመርም በቫኑ ሰው ጭኖ መጣ። መልከጼዴቅን ከቤቱ ያወጣችው ራሷ ከበቡሽ ናት። «አትምጣ ተብያለሁ» ሊል አይችል፤ ለምን ብላ ብትጠይቀው ምን ይመልሳል? «አንተማ የክርስትና አባቱ ነህ፤ ከሁሉ ቀድመህ የምትቀመጥ ሰው ነህ» እያለች ጎትታ ከጳውሎስ ጎን አስቀመጠችው። ጳውሎስ ጉልበቱን ሰብስቦ ራቅ አለ።

ፈትለወርቅ በጥቁር ልብስ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ሴቶቹ «በሕፃንነቱ ነው፤ መልአክ ሆኗል፤ አይዞሽ፤ ዮናታን ተክሶሻል» ይሏታል። ባሏ ለቀስተኛ እንደሚመጣ ገምቶ ልጁን ከጧት ጀምሮ ክብደት ማንሻ ቤት ልኮታል፤ እስከ ማታ አይመለስም ብሎ ነበር። ምንም አልነገረውም፤ እናቱ እንዲነገረው አልፈቀደችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ዮናታን ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ ገባና ጫማው በሞላው ኮሪደር ላይ ቆመ።

«ማም? ሁ ዳይድ? ማን ሞተ?»

ለመመለስ የፈጠነው ይመር ነው። «ወንድምህ ነዋ፣ ዮኒ» አለ በለስላሳ ድምፅ። «ኃይለ ገብርኤል። አታውቀውም እንዴ?»

ልጁ የገዛ የክርስትና ስሙን ሰማ። ዐይኑን በክፍሉ አዞረ። እናቱን አየ፣ ጥቁር ልብሷን አየ፣ አባቱን አየ፣ ፈገግ ያለውን ይመርን አየ፣ መጨረሻ ላይ መልከጼዴቅን አየ። መልከጼዴቅ ያንን አስተያየት ከቪዲዮው ያውቀዋል። ልጁ ከግራ ወደ ቀኝ ሜዳውን የሚያነበው እንዲህ ነው። ሁለት ሰከንድ አልፈጀበትም።

ቦርሳውን አወረደ። ሄዶ ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠና ረጅም ክንዱን በትከሻዋ ዙሪያ አደረገ።

«አይ ኔቨር ሜት ሂም» አለ፤ አይቼው አላውቅም ማለቱ ነው። ለሴቶቹም በተሰባበረ አማርኛ ጨመረ፤ «ማም ስለ እሱ ማውራት አይወድም። እኛ ቤት አይወራም።»

«እሰይ፣ የኔ ብልህ!» አሉ ሴቶቹ እንባቸውን እየጠረጉ። ይመር ራሱን ነቀነቀ። ሽንፈቱ ውስጥ አድናቆት ነበረበት። አጠገቡ ላለው ሰው «ፓይንሪጅ አልተሳሳተም» ሲል መልከጼዴቅ ሰማው።

ከበቡሽ ግን አልጨረሰችም። «ተነስ የኔ ልጅ» አለችው ዮናታንን። «ወንድምህን ክርስትና ያነሱት እኚህ ናቸው። ሰላም በላቸው።»

ዮናታን ተነሳ። ክፍሉን በሦስት እርምጃ አቋርጦ መልከጼዴቅ ፊት ቆመ። መልከጼዴቅም ተነሳ። ልጁ አልጎነበሰም። ፈረንጅ ለፈረንጅ እንደሚሰጠው እጁን ቀጥ አድርጎ ዘረጋ።

«ናይስ ቱ ሚት ዩ፣ ሰር» አለ።

መልከጼዴቅ እጁን ያዘ። ያኔ በአንድ መዳፉ ጠቅልሎ የያዘው እጅ ነው፤ አሁን የእሱን እጅ ውጦታል።

«እኔም ደስ ብሎኛል» አለ። «ወንድምህን ትመስላለህ።»

ልጁ እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀና ወደ እናቱ ተመለሰ።