እግር የከዳበት ቅዳሜ

«ውጪ!» አለ ወንድምየው። ታላቅ እህቱ እግሯን ከፍ አድርጋ እግረኛ መንገዱ ላይ ወጣች። «ቀጥ በይ... ትንሽ ወደ ግራ... አሁን ውረጂ!» ወረደች። የእሱ ግራ እጅና የእሷ ቀኝ እጅ በአንዲት የሶፋ ጨርቅ ቁራጭ ተያይዘዋል። ጨርቋን ከሥራ ቦታው ያመጣት እሱ ነው፤ ሶፋ ሠሪ ነው። እህቱ ከልጅነቷ ጀምሮ ዐይኗ አያይም። ሆስፒታል ውስጥ ስልክ ተቀባይ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ ከወንበሯ ሳትነሳ የሰው ጭንቀት ስታዳምጥ ትሰነብትና ቅዳሜ ጠዋት ከወንድሟ ጋር ትሮጣለች። ያለ በትሯ ደጅ የምትወጣው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እናታቸው ነገሩን ከጅምሩ አልወደዱትም። «አንድ ቀን የወደቅሽ ለት ሩጫ የሚባል ነገር አበቃ» ብለው ቃል አስገብተዋታል። እሳቸው ደግሞ ቃል የገባላቸውን ሰው በቀላሉ አይለቁም፤ ተከራክሮ ያሸነፋቸው የለም፣ የደም ግፊታቸው ጠበቃቸው ነው።

የዛሬው ሩጫ ለወንድምየው ገና ከመነሻው አልጣመውም። ባለፈው ሳምንት በዚሁ መንገድ ሲሮጥ ድካም የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዛሬ ግን ሰው የተሸከመ ያህል ከበደው። ምክንያቱን ፈለገ። ደህና ተኝቷል። ሆዱ ሰላም ነው። ጫማው ያው ነው። ሳምንቱን ለአንድ ሆቴል ወንበሮች ቆዳ ሲወጥር ነው የከረመው፤ እሱ የእጅ ሥራ ነው፣ እግርን ምን አገባው? ምክንያት ቢያገኝ እንኳ ትንሽ ይቀለው ነበር።

«ደከመህ እንዴ?» አለችው።

«ኧረ ምን ደክሞኝ!»

«ትንፋሽህ እንደሱ አይልም።»

«እትዬ፣ ዝም ብለሽ ሩጪ በቃ።»

«ለእኔማ ‹ዐይንሽን ጨፍኚ ላሞኝሽ› ማለትም አያስፈልግህ፣ ተጨፍኖ ነው ያገኘኸው» ብላ ሳቀች። «እኔ ሲከብደኝ ከበደኝ እላለሁ፣ በእግራችን እንሄዳለን። ባለፈው ወር አንዴ ሙሉውን መንገድ ተራመድን፤ ሞትን?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ!»

ደህና አልነበረም። ሩጫ እንዲህ ያለ ቀን አለው፤ የሮጠ ሁሉ ያውቀዋል። ለእህቱም ስንቴ መክሯታል፦ መጥፎ ቀን ሲመጣ ፍጥነትሽን ቀንሺ፣ አትናደጂ፣ ቤትሽ ግቢ፣ ሌላ ቀን አለ። ለሰው ሲሆን ምክር መቼ አፍ ላይ ይከብዳል! በራሱ ሲደርስ ግን ኩራቱ ያዘው። የሚያየው እሱ፣ የሚመራው እሱ፣ እንዴት አድርጎ ከእሷ ቀድሞ ደከመኝ ይበል?

በዚህ መሀል የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ እየሮጡ ከኋላ ደረሱባቸው። ሆዳቸው ከደረታቸው የሚቀድም፣ ሸበቶ ሰው ናቸው፤ ሲሮጡ ስለሚንቀራፈፉ ሰፈርተኛው «ቀስ በቀስ» ይላቸዋል።

«እንዴት አደራችሁ ልጆች! ዛሬ እግር ከድቷችኋል መሰለኝ! ተጠንቀቁ፣ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ውሃ ፈሷል... እዚያ ማዶ ደግሞ መኪናውን እግረኛ መንገድ ላይ ያቆመው ማን ይሆን? ነውር አያውቅም!» እያሉ፣ ወሬያቸውን ለአፍታ ሳያቋርጡ፣ አልፈዋቸው ሄዱ።

ወንድምየው ደሙ ፈላ። በ«ቀስ በቀስ» ተቀድሞ በየትኛው ፊቱ ሰፈር ይገባል? ጨርቁን ሳብ አድርጎ ፍጥነት ጨመረ። እህቱ ተከተለችው፤ እጇ ከእጁ ታስሯል፣ ሌላ ምን ምርጫ አላት? ንግግሩ እያጠረ ሄደ። ግራና ቀኝ ማለቱን ተወና በጨርቁ ብቻ ይስባት ጀመር። የእግረኛ መንገዱ ማለቂያ ሲደርስ ጠርዙን አየው። «ውረጂ» ሊላት አፉን ከፈተና ያችን አንዲት ትንፋሽ ለእግሩ ብሎ ሰሰታት። እሱ ወረደ። እሷ አየር ረገጠች።

የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ። ጨርቋ ከእጇ ሾልካ፣ በጉልበቷና በመዳፏ አስፋልቱ ላይ ነበር የወደቀችው። አልጮኸችም፤ ፊቷን ወደየት እንደምታዞር ግራ ገብቷት መሬቱን ትዳብሳለች። ፀጉር አስተካካዩ እያለከለኩ ተመለሱ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ያዢኝ። በስተቀኝሽ ግድግዳ አለ፣ ተደገፊው። እንዲህ ነው። ጉልበትሽ ተልጧል፣ አጥንትሽ ግን ደህና ይመስላል። ከፊትሽ ደረጃ አለ፣ ቁጭ በይበት።»

ወንድምየው ቆሞ ያያል።

ሁለቱ ወደ ቤት አዘገሙ። እሷ ታነክሳለች።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች በመጨረሻ።

«አላየሁትም።»

ትንሽ ሄዱ። «እንግዲያው ለእማዬ በራሴ እግር ተጠላልፌ ነው እላታለሁ» አለች። «አንተን ደግሞ ዕድሜ ልክህን እንዳትጠምድህ።»

ተይ አላላትም። አለማለቱን ሲያስበው ራሱን ጠላው።

እናታቸው ሰገነቱ ላይ ልብስ ያሰጡ ነበር። የልጃቸውን ጉልበት ሲያዩ የያዙት አንሶላ ከእጃቸው ወደቀ።

«አላልኩም? አላልኩሽም ልጄ?»

«ቀላል ነው እማዬ። በራሴ እግር ተጠላልፌ ነው።»

«ይኸው! ዐይን የሌለው ሰው ምን ያሮጠዋል? እንኳን በሩጫ፣ በእርምጃም ስንቱ ይሰበራል! በቃ። ቃል ገብተሽልኛል።»

«እሺ» አለች። ያችን «እሺ» ያለችበት ድምፅ ለማታውቃቸው ደዋዮች በስልክ የምትመልስበት ነው።

«አልተጠላለፈችም» አለ ወንድምየው። «እኔ ነኝ የጣልኳት።»

እናትየው ቁስሉን ማጠብ ጀምረው ነበር፤ ጨርቁን እንደያዙ ቀና አሉ።

«ደክሞኝ ነበር። ሰው ቀደመኝ ብዬ እልህ ያዘኝ። ጠርዙን እያየሁት ዝም አልኳት።»

«አይተኸዋል?» አለች እህቱ።

«አይቼዋለሁ።»

«ደከመኝ ብትለኝ እኮ...» አለችና ተወችው።

እናታቸው ቁስሉን አጥበው ጨረሱ። ከዚያ ጨርቁን ጨመቁት።

«እንዲህ ከሆነ የወደቀችው ባለማየቷ አይደለማ» አሉ። «ቃሏን አልይዝባትም፣ ትሩጥ። ካንተ ጋር ግን ከዚህ ቤት አትወጣም።»

እህቱ ትከራከርልኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን የተላጠ መዳፏን በትንፋሿ እፍ እፍ እያለች ቁጭ አለች። ከእናቱ ቃል ይልቅ ይህ አመመው። ይቅርታ ሊጠይቅ አሰበ፤ ሁለተኛ አይለመደኝም ብሎ ሊምልም አሰበ። ሁለቱንም ትቶ ስልኩን አወጣና ፀጉር አስተካካዩ ጋ ደወለ።

«ጋሼ፣ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ እህቴን ይዘው ይሮጡልኛል? ሌላ አያስቸግርም፤ እንደ ልማድዎ ያዩትን ሁሉ እያወሩ መሮጥ ብቻ ነው። ‹ውጪ›፣ ‹ውረጂ› የሚባልበትን ቦታ እኔ አሳይዎታለሁ።»

«እኔ? እኔ ቀርፋፋው? አንተ ምን ሆንክና?»

እህቱን አያት። እፍ ማለቷን ትታ ታዳምጣለች።

«እኔ ከኋላችሁ እመጣለሁ» አለ፣ «በቻልኩት።»